ትንሽ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ መጫን፦ ከፍላሹ እስከ አማርኛ ኪቦርዱ

ጥያቄው፦ «ደሴ ነኝ። ኮምቦልቻ ለምትማር ልጄ ያገለገለ ትንሽ ላፕቶፕ ገዛሁ። ስክሪኑ 11.6 ኢንች፣ ፕሮሰሰሩ ሴሌሮን ኤን4020፣ ራሙ 4 ጊጋ፣ ዲስኩ 64 ጊጋ ኢኤምኤምሲ ነው። ዊንዶውስ 10 አለው፤ ዲስኩ ሞልቶ ስታክ ያደርጋል። ሊኑክስ ጫንበት ብለውኛል። ዊንዶውሱ ሳይጠፋ ጎን ለጎን ይሆናል? የትኛው ሊኑክስ ይሻላል? ቤት ዋይፋይ የለም፣ የስልክ ዳታ ብቻ ነው። አንድ ልጅ ሊጭንልኝ ሲሞክር ‹ሴኪዩር ቡት› የሚል ቀይ ጽሑፍ መጥቶ እምቢ አለው። አማርኛም መጻፍ አለባት።»

ይሆናል፤ ጎን ለጎን ግን አይሁን። ዊንዶውሱን አጥፍተው ሊኑክስ ሚንት 22ን፣ «ኤክስኤፍሲኢ» የሚባለውን እትም፣ ብቻውን ይጫኑበት። ከሁሉ በፊት ግን ልጅዎን አንድ ነገር ይጠይቋት፦ ትምህርት ክፍሏ የግድ የሚላት ፕሮግራም የትኛው ነው? ይህን ሳይጠይቅ የሚጭን ሰው ሳምንት ሳይሞላው ዊንዶውስ መላሽ ፍለጋ ይወጣል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ከሆነችና ሥራዋ ሲ፣ ፓይተን ወይም ጃቫ መጻፍ ከሆነ ሊኑክስ እንዲያውም ይመቻታል። ለማትላብ ምትክ «ኦክቴቭ» አለ፤ ለመጀመሪያ ዓመታት የሚሰጡትን አብዛኞቹን ኮዶች እንዳሉ ይቀበላል። ለኤስፒኤስኤስ «ፒኤስፒፒ» አለ፤ መሠረታዊውን ስታቲስቲክስ ይሠራል። አውቶካድ ወይም ሶሊድወርክስ የግድ ከተባለች ግን ሊኑክስ ላይ አይሄዱም። አካውንቲንግ ከሆነችም ፒችትሪ የዊንዶውስ ብቻ ነው። የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ ለማስኬድ በሚሞክረው በ«ዋይን» ይሠራል የሚል ምክር ቢሰሙ የፈተና ሳምንት አይመኑት። እንዲህ ከሆነ ዊንዶውሱን አጽድቶ መቀጠል ይሻላል፤ የሚከተለው ሁሉ አያስፈልግዎትም።

አሁን ጎን ለጎን ያልወደድኩበት ምክንያት። 64 ጊጋ ተብሎ የተሸጠው ዲስክ ኮምፒውተሩ ውስጥ 58 ጊጋ አካባቢ ሆኖ ይታያል፤ ሌባ አልነካውም፣ አምራቹ በ1000 ሲቆጥር ሲስተሙ በ1024 ስለሚቆጥርና ጥቂቱ ለውስጥ ሥራ ስለሚያዝ ነው። ዊንዶውስ 10 ከነአፕዴቱ 25 እስከ 35 ጊጋውን ይይዛል፤ ትልቅ አፕዴት ሲመጣ ደግሞ ተጨማሪ ባዶ ቦታ ይጠይቃል። ሚንት ዝቅተኛ መስፈርቱ 20 ጊጋ ነው። ሁለቱን በአንድ ላይ ብናስቀምጥ ሁለቱም ታፍነው ይኖራሉ፤ ልጅቷ ፋይሏን የምታስቀምጥበት አይተርፍም። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ የደኅንነት አፕዴትም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ቆሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ዝቅተኛ መስፈርቱ 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ዲስክ ስለሆነ የእርስዎ ማሽን ወለሉ ላይ ቆሞ ነው የሚቀበለው።

ስለ መጸጸት አያስቡ። ከፋብሪካ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ካለው ዊንዶውስ ጋር የመጡ ላፕቶፖች የፈቃድ ቁጥራቸው እናት ቦርዱ ላይ ተጽፏል፤ ነገ ያንኑ የዊንዶውስ ዓይነት መልሰው ቢጭኑ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል።

ኢኤምኤምሲ ማለት ቦርዱ ላይ የተበየደ ቺፕ ነው፤ ስልክ ውስጥ ካለው ሚሞሪ ጋር አንድ ዘር ነው። ከድሮው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ይፈጥናል፣ ከኤስኤስዲ ግን በብዙ ይዘገያል፤ ነቅሎ መቀየርም የለም። የዚህ ዓይነት ማሽን ራምም አብዛኛውን ጊዜ የተበየደ ነው። ስለዚህ «4 ጊጋ ነው፣ በኋላ 8 ታደርገዋለህ» የሚል ሻጭ ካለ ታችኛውን ክዳን ከፍቶ ክፍት የራም ቦታ ያሳይዎት። ክፍት የኤም.2 ወይም የ2.5 ኢንች ዲስክ ቦታ ያላቸው ሞዴሎች አሉ፤ የእርስዎ ካለው ያገለገለ 120 ጊጋ ኤስኤስዲ ገዝቶ ሊኑክሱን እዚያ ላይ መጫን ከሁሉ ይሻላል።

ለምን ሚንት? የኤክስኤፍሲኢው እትም ምንም ሳይከፈት 1 ጊጋ አካባቢ ራም ይይዛል፤ ለብሮውዘሩ 3 ጊጋ ይተርፈዋል። መልኩ ዊንዶውስ ለለመደ እጅ አያደናግርም። ፋየርፎክስን በተለመደው ጥቅል ነው የሚያቀርበው፤ ሌሎቹ የሊኑክስ ዓይነቶች ኡቡንቱና ሉቡንቱ በ«ስናፕ» ጥቅል ያቀርቡታል፣ እሱ ደግሞ በዘገምተኛ ዲስክ ላይ የመጀመሪያው መክፈቻ ሲያስጠብቅ ያናድዳል፣ ቦታም ይበላል። ሚንት 22 እስከ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2029፣ ማለትም እስከ ሚያዝያ 2021 አፕዴት ያገኛል። ዴቢያንም መልካም ነው፤ ከ12ኛው እትም ጀምሮ የዋይፋይ ፈርምዌሮችን (ካርዶቹ እንዲሠሩ የሚያስፈልጓቸውን ፋይሎች) በመጫኛው ውስጥ ስላካተተ የድሮው ስቃይ ቀርቷል፤ ሆኖም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጭን ሰው ሚንት ጥያቄው ያንሳል። ዋናውን ኡቡንቱ በ4 ጊጋ ራም ላይ አልመክርም። ራሙ 2 ጊጋ የሆነ ማሽን ያለው አንባቢ ካለ ወደ «አንቲኤክስ» ይሂድ፤ ከሁለት ሦስት ታብ በላይም አይክፈት። ባለ 32 ቢት ፕሮሰሰር የሆኑት የድሮዎቹ ሚኒ ላፕቶፖች ደግሞ መንገዳቸው ጠቧል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ዴቢያን 13 እንኳ ለእነሱ መጫኛ አላዘጋጀም።

ወደ ማውረዱ። ፋይሉ 3 ጊጋ ገደማ ነው። በስልክ ዳታ በብሮውዘር ቢጀምሩት መብራት ሲጠፋ ወይም ኔትወርክ ሲቆራረጥ 2.7 ጊጋ ላይ ደርሶ ከዜሮ ሊጀምር ይችላል። ከሚንት ድረ ገጽ ላይ የቶረንት ሊንኩን ወስደው በቶረንት ፕሮግራም ያውርዱት፦ ካቆመበት ይቀጥላል፣ የወረደውን እያንዳንዱን ቁራጭም ራሱ እያረጋገጠ ነው የሚሄደው። የሌሊት ጥቅል መግዛት ከቀኑ ይረክሳል። ፋይሉን ከሌላ ሰው በፍላሽ ከተቀበሉ ግን ሳያረጋግጡ አይጫኑ። ሚንት በድረ ገጹ ላይ «ኤስኤችኤ256» የሚባል ረጅም የቁጥርና የፊደል ሰንሰለት ያወጣል፤ ከእርስዎ ፋይል የሚወጣው ሰንሰለት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ መሆን አለበት። ይህን የሚያሰላልዎት ቀጥሎ የምንጠቀምበት ፕሮግራም ራሱ ነው።

8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል። ፋይሉን ፍላሹ ላይ እንደ ፎቶ ኮፒ-ፔስት ማድረግ ግን አይሠራም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዊንዶውሱ ሳይጠፋ «ሩፈስ» የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ያውርዱ፤ መጫን አይፈልግም፣ ሁለት ሜጋ ገደማ ነው። ይክፈቱት፣ ፍላሹን ይምረጡ፣ የሚንቱን ፋይል ይስጡት። ከፋይሉ ስም አጠገብ ያለችውን የራይት ምልክት ሲነኩ ኤስኤችኤ256ቱን አስልቶ ያሳያል፤ እዚህ ላይ ያስተያዩት። ፓርቲሽን ስኪም የሚለውን «ጂፒቲ»፣ ታርጌት ሲስተም የሚለውን «ዩኢኤፍአይ» ያድርጉት፤ ስታርት ይበሉ። መሃል ላይ «በአይኤስኦ ልጻፍ ወይስ በዲዲ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መጀመሪያ አይኤስኦውን ይምረጡ። ፍላሹ በኋላ አልነሳም ካለ በዲዲ ይድገሙት። በዲዲ የተጻፈ ፍላሽ ዊንዶውስ ውስጥ ትንሽዬ ሆኖ ወይም «ፎርማት ላድርገው?» እያለ ይታያል፤ አልተበላሸም፣ ፎርማትም አያድርጉት። ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ እንደሚጠፋ ግልጽ ይሁን።

ስለ ፍላሽ ካነሳን አይቀር፦ ላዩ ላይ 64 ወይም 128 ጊጋ የተጻፈበት፣ ውስጡ ግን 8 ወይም ከዚያ ያነሰ የሆነ ፍላሽ ገበያው ውስጥ ሞልቷል። ሲቀዱበት እሺ ይላል፤ ከእውነተኛው መጠኑ ያለፈውን ግን ባዶ ላይ ነው የሚጽፈው። ሚንት መሃል ላይ በማይገባ ስህተት እያቆመ ካስቸገረ፣ ላፕቶፑን ከመክሰስዎ በፊት ሩፈስ ውስጥ ካሉት ተጨማሪ ምርጫዎች የባድ ብሎክ ፍተሻውን ያብሩት። ረጅም ሰዓት ይወስዳል፤ ሐሰተኛውን ፍላሽ ግን ያጋልጣል።

አሁን ከመጥፋቱ በፊት መውጣት ያለበትን ያውጡ፦ ፎቶ፣ ዶክመንት፣ ብሮውዘሩ የያዛቸው ፓስወርዶች። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የሚባለው እዚህ ጋ ይሠራል፤ ዲስኩ ከተደመሰሰ በኋላ ፋይል የሚመልስ ሰው ማግኘት ከባድ ነው፣ በኢኤምኤምሲ ደግሞ ይብሳል። የቆዩ የአማርኛ ጽሑፎች ካሉ የተጻፉበትን ፎንት፣ ለምሳሌ ፓወር ግዕዝን ወይም ቪዥዋል ግዕዝን፣ ፋይሉን አብረው ይቅዱ፤ ምክንያቱን በኋላ ይረዱታል። ዲስኩ በ«ቢትሎከር» ወይም በዲቫይስ ኢንክሪፕሽን የተቆለፈ መሆኑንም ሴቲንግስ ውስጥ ያረጋግጡ። ተቆልፎ ከሆነ ባዮስ (ላፕቶፑ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ ሴኪዩር ቡትን በነኩ ማግስት ዊንዶውሱ ባለ 48 አኃዝ የማስመለሻ ቁጥር ይጠይቃል፤ ያገለገለ ላፕቶፕ ከሆነ ቁጥሩ ያለው የቀድሞው ባለቤት አካውንት ውስጥ ነው። ፋይሉን ሳያወጡ ባዮሱን አይንኩ።

ሴኪዩር ቡት ማለት ባዮሱ የሚያውቀው ፊርማ የሌለውን ማስነሻ የሚከለክልበት ጥበቃ ነው፤ ያ ቀይ ጽሑፍ የመጣው የፍላሹን ማስነሻ ፊርማ ስላልተቀበለው ነው። ሚንት የተፈረመ ማስነሻ አለው፤ ነገር ግን ልጁ ፍላሹን ያዘጋጀው ብዙ መጫኛ በአንድ ፍላሽ ላይ በሚይዘው በ«ቬንቶይ» ከሆነ ወይም ፋይሉ የቆየ ሆኖ የማስነሻው ፊርማ ከተሰረዘ ይከለክላል። ቀላሉ መንገድ ሴኪዩር ቡትን ማጥፋት ነው። ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ ያጥፉት፦ ዊንዶውስ 10 ሸት ዳውን ሲባል በግማሽ ነው የሚተኛው፣ ስለዚህ ሺፍትን ይዘው ሸት ዳውን ይበሉ። ከዚያ ሲያበሩት ወዲያው ቁልፉን ደጋግመው ይምቱ፦ ሌኖቮና ዴል ላይ ኤፍ2 ባዮስ ያስገባል፣ ኤፍ12 የቡት ሜኑ ያመጣል፤ ኤችፒ ላይ ኢስኬፕ ከዚያ ኤፍ10 ለባዮስ፣ ኤፍ9 ለቡት ሜኑ፤ አሱስ ላይ ኤፍ2 ለባዮስ፣ ኢስኬፕ ለቡት ሜኑ። ሌኖቮ አንዳንዱ ሞዴሉ ላይ ጎኑ ላይ በመርፌ የምትነካ ትንሽ ቀዳዳ አለችው፣ ያቺም ወደዚሁ ምርጫ ታስገባለች። ኤሰር ብቻውን ባሕርይ አለው፦ የባዮስ ሱፐርቫይዘር ፓስወርድ ካላወጡ ሴኪዩር ቡት የሚለው መስመር ፈዝዞ አይነካም። ፓስወርዱን ያውጡ፣ ሴኪዩር ቡቱን ያጥፉ፣ ኤፍ12ን የሚፈቅደውን መስመር ያብሩ። ፓስወርዱን ላፕቶፑ ሳጥን ላይ ይጻፉት፤ ከተረሳ ማስመለሱ ከባድ ነው። «ሌጋሲ» ወይም «ሲኤስኤም» የሚል ምርጫ ካለ አይንኩት፣ ዩኢኤፍአይ እንደሆነ ይቆይ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እግረ መንገድ፦ «ባዮሱን አፕዴት እናድርገው» የሚል ሰው ከመጣ፣ ባትሪው ሞልቶ ቻርጀሩም ካልተሰካ በቀር አይፍቀዱ። ሊኑክስ ሲጫን መብራት ቢጠፋ ጉዳቱ እንደገና መጀመር ብቻ ነው። ባዮስ ሲጻፍ ቢጠፋ ግን ማሽኑ ላይነሳ ይችላል።

ከፍላሹ ሲነሳ ሚንት ዲስክዎን ሳይነካ ራሱን ከፍላሹ ላይ ያስነሳል። እዚህ ላይ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ፤ ከጭነቱ ይልቅ ይህ ግማሽ ሰዓት ይበልጣል። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ ሪስታርት አድርገው ከሜኑው ላይ «ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ» የሚለውን ይምረጡ። ድምፅ ይሰማ እንደሆነ፣ ካሜራው፣ ታችፓዱ፣ የብርሃን መጨመሪያና መቀነሻ ቁልፎቹ ይሠሩ እንደሆነ ይሞክሩ። ክዳኑን ዘግተው ይክፈቱት፣ ተኝቶ ይነቃ እንደሆነ ይዩ። ሰዓቱንና ዓመተ ምሕረቱንም ይመልከቱ፦ ባትሪው ሙሉ በሙሉ አልቆ የቆየ ማሽን ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ቀኑ ከተሳሳተ ሁሉም ድረ ገጽ «ኮኔክሽኑ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ይዘጋዎታል፣ ሰው ደግሞ ቫይረስ ነው ብሎ ይደናገጣል። ቀኑን ማስተካከል ብቻ ነው።

ቤትዎ ዋይፋይ ባይኖርም የዋይፋይ ካርዱን ይፈትሹ፤ ልጅዎ ግቢ ውስጥ ትፈልገዋለች። የስልክዎን ሆትስፖት ያብሩና ላፕቶፑ ያየው እንደሆነ ይመልከቱ። በዚህ ዋጋ ደረጃ ያሉ ላፕቶፖች ውስጥ የሪልቴክ ካርድ በብዛት ይገኛል፤ ሚንት 22 የያዘው ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) አብዛኞቹን ያውቃቸዋል። የብሮድኮም ካርድ ከሆነ ግን ድራይቨሩ ከኢንተርኔት መውረድ ሊፈልግ ይችላል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ዋይፋይ፣ ዋይፋይ ለማግኘት ኢንተርኔት! መውጫው ስልክዎ ነው። አንድሮይድ ስልኩን በቻርጀር ገመዱ ላፕቶፑ ላይ ይሰኩ፣ ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለውን ያብሩ። ሊኑክስ ያለ ምንም ድራይቨር እንደ ገመድ ኔትወርክ ይቀበለዋል። ካልታየ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የገመዱ ነው፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ፣ ዳታ የማያሳልፉ ርካሽ ገመዶች አሉ። ኢንተርኔቱ ከመጣ በኋላ ድራይቨር ማኔጀርን ከፍተው የሚያቀርበውን መጫን ነው።

ሁሉም ከሠራ ባትሪው ከግማሽ በላይ መሆኑን አይተው ዴስክቶፑ ላይ ያለችውን የመጫኛ ምልክት ይክፈቱ። ቋንቋውን እንግሊዝኛ ቢያደርጉት እመርጣለሁ፤ የአማርኛ ትርጉሙ ከፊል ስለሆነ ግማሹ አማርኛ ግማሹ እንግሊዝኛ ሆኖ ያደናግራል፣ ስህተት ሲመጣም መፍትሔ ለመፈለግ እንግሊዝኛው ይቀናል። የመልቲሚዲያ ኮዴክ የምትለዋን ሳጥን ኢንተርኔት ካለ ምልክት ያድርጉባት፤ ያለሷ አንዳንድ ቪዲዮ አይከፈትም። ቀጥሎ ዋናው ጥያቄ ይመጣል፤ «ኢሬዝ ዲስክ» የሚለውን ይመርጣሉ። የትኛውን ዲስክ እንደሚያጠፋ ግን ያንብቡ። የውስጡ ኢኤምኤምሲ ስሙ «ኤምኤምሲቢኤልኬ0» ነው፣ መጠኑም 62 ወይም 64 ጊጋ አካባቢ ይላል። «ኤስዲኤ» የሚለው፣ 8 ጊጋ የሆነው፣ የእርስዎ ፍላሽ ነው። በሌላ ላፕቶፕ ላይ ዋናው ዲስክ ኤስዲኤ ስለሚባል ከኢንተርኔት ላይ አይቶ የሚከተል ሰው ፍላሹን ሊያጠፋ ይችላል። በኤምኤምሲቢኤልኬ0 ስም መጨረሻቸው «ቡት0» እና «ቡት1» የሚሉ 4 ሜጋ የሆኑ ትንንሾች ከታዩም አይንኳቸው፣ የቺፑ የራሱ ናቸው።

የሰዓት ካርታው ላይ ኢትዮጵያን ሲነኩ አንዳንዴ ናይሮቢ ሊል ይችላል፤ ሁለቱም ከግሪንዊች 3 ሰዓት የሚቀድሙ ስለሆነ ለውጥ የለውም። ፓስወርድ ልጅዎ ራሷ ታውጣ። ዲስኩን በኢንክሪፕሽን ልቆልፍ ወይ የሚለውን ሲጠይቅ፣ ፓስወርድ የምትረሳ ዓይነት ልጅ ከሆነች ይለፉት፤ ከተረሳ ፋይሉን የሚያወጣ ባለሙያ የለም። ጭነቱ በኢኤምኤምሲ ላይ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ጨርሶ ሪስታርት ሲል ፍላሹን ንቀሉ ይላል፤ ነቅለው ኢንተር ይጫኑ።

ከዚያ በኋላ «ኖ ቡተብል ዲቫይስ» ካለ አይደናገጡ፣ ዲስኩ ውስጥ ሊኑክሱ አለ፤ ባዮሱ ነው ያላየው። ኤሰር ላይ በብዛት ይገጥማል። ባዮስ ውስጥ ሴኪዩር ቡትን መልሰው ያብሩ፣ «ሴሌክት አን ዩኢኤፍአይ ፋይል አዝ ትረስትድ» የሚለውን ይክፈቱ፤ ኢኤፍአይ የሚለው ፎልደር ውስጥ ኡቡንቱ የሚባል ፎልደር ያገኛሉ። ሚንት ብንጭንም ስሙ ኡቡንቱ ነው፣ ምክንያቱም ሚንት የተሠራው ኡቡንቱ ላይ ነው። ውስጡ ያለውን «ሺምኤክስ64» የሚለውን መርጠው ስም ይስጡት፣ አስቀምጠው ይውጡ፣ ከቡት ቅደም ተከተሉ ላይ ወደ ላይ ያውጡት። ኤችፒ ላይ ደግሞ ከቡት ሜኑው «ቡት ፍሮም ኢኤፍአይ ፋይል» ብለው ያንኑ ፋይል ይከፍታሉ።

ሲነሳ የመጀመሪያው አፕዴት ከ500 ሜጋ ሊያልፍ ስለሚችል ለሌሊት ጥቅል ያቆዩት። ከዚያ በፊት ሶፍትዌር ሶርስስ ውስጥ ገብተው የሚወርድበትን ሰርቨር ይቀይሩ፤ ዝርዝሩን ሲከፍቱ ፍጥነታቸውን ራሱ ለክቶ ያሳይዎታል፣ ከላይ ያለውን ይምረጡ።

አሁን ለ4 ጊጋ ራም ዋናው መድኃኒት። ከሜኑው ሲናፕቲክ የሚባለውን የፕሮግራም መጫኛ ከፍተው «ዚራም-ኮንፊግ» የሚለውን ይጫኑና ሪስታርት ያድርጉ። ራም ሲሞላ ሊኑክስ ትርፉን ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፤ ኢኤምኤምሲ ደግሞ ዘገምተኛ ስለሆነ ያኔ ነው ማውሱ የሚቆመው። ዚራም ትርፉን ዲስክ ላይ ከመጣል ይልቅ ራሙ ውስጥ አጭቆ ያስቀምጠዋል፤ እንደ ይዘቱ ከ2 እስከ 3 እጥፍ ያጭቃል። የተበየደውን ቺፕም ከድካም ያተርፋል። እንደሠራ የሚያውቁት ታስክ ማኔጀሩ ውስጥ ስዋፕ የሚለው ቁጥር (የራም ትርፍ ማስቀመጫው) 2 ጊጋ ያህል ጨምሮ ሲያዩ ነው። ከዚህ ውጭ «ሊኑክስን ማፍጠኛ 20 ዘዴዎች» የሚሉትን ይተዉ፤ አብዛኞቹ የሚያፈርሱት ከሚያሻሽሉት ይበልጣል። ብሮውዘሩ ላይ ማስታወቂያ ማገጃ መጫን ብቻውን ከሁሉም የበለጠ ያፈጥናል፣ ዳታም ይቆጥባል።

ቦታ የሚበሉ ሁለት ነገሮች አሉ። ሶፍትዌር ማኔጀር ውስጥ አንዳንድ ፕሮግራም በሁለት ዓይነት ይቀርባል፤ «ፍላትፓክ» የሚለውን ሳይሆን «ሲስተም ፓኬጅ» የሚለውን ይምረጡ፣ የፍላትፓኩ የመጀመሪያ ጭነት ከነአጃቢዎቹ 1 ጊጋ ሊያልፍ ይችላል። ሁለተኛው ታይምሺፍት ነው፤ ሲስተሙን በየጊዜው ቅጂ እያደረገ ያስቀምጣል። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን የመጀመሪያው ቅጂ ከ10 ጊጋ በላይ ሊይዝ ስለሚችል ሁሉም ነገር ከተስተካከለ በኋላ አንድ ቅጂ ብቻ ያስነሱና አውቶማቲኩን አጥፍተው ይተዉት።

የ1366 በ768 ስክሪን ላይ አንዳንድ መስኮት ከታች ተቆርጦ «ኦኬ» የሚለው ቁልፍ አይታይም። ኦልትን ይዘው መስኮቱን በማውስ ወደ ላይ ይጎትቱት።

ወደ አማርኛው እንምጣ። ማንበብ ወዲያው ይሠራል፤ መጻፍ ግን ትንሽ ሥራ ይፈልጋል። ሲናፕቲክ ውስጥ «አይባስ-ኤም17ኤን» የሚለውን ይጫኑ። ከሜኑው «ኢንፑት ሜተድ» የሚለውን ከፍተው አይባስን ይምረጡ። ከዚያ ሎግ አውት አድርገው ይመለሱ፤ ይህን የዘለለ ሰው ነው «አልሠራም» የሚለው። ሲመለሱ የአይባስ ፕሪፈረንስ ውስጥ ኢንፑት ሜተድ የሚለው ታብ ላይ አድ ብለው አማርኛን ይፈልጉ፤ ውስጡ «ሴራ» የሚል ያገኛሉ። ሴራ ሲባል አይጠርጥሩ፤ ግዕዝን በላቲን ፊደል የመወከያ ዘዴ የእንግሊዝኛ ስም ምኅጻር ነው፣ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ያዘጋጁት። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚቀየረው የዊንዶውስ አርማ ያለባትን ቁልፍ ይዞ ስፔስ በመጫን ነው።

አጻጻፉ በድምፅ ነው። ተነባቢውን ብቻ ከጫኑ ሳድሱ ይወጣል፤ «ኢ» የምትባለዋን የላቲን ፊደል ካስከተሉ ግዕዙ፣ «ዩ» ካዕቡ፣ «አይ» ሣልሱ፣ «ኤ» ራብዑ፣ «ኦ» ሳብዑ። ኃምሱ በሺፍት ነው፣ ማለትም በትልቁ «ኢ»። ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ፣ ኘ፣ ዠ በሺፍት የሚጻፉ ናቸው፦ ትልቁ ቲ ጠን፣ ትልቁ ሲ ጨን ይሰጣል። ሸ «ኤክስ» ላይ ናት፣ ቀ ደግሞ «ኪው» ላይ። ሁለት ነጥብ ሁለቴ ሲመታ አራት ነጥብ ይሆናል። ለሁለት ቀን ያናድዳል፤ ከዚያ እጅ ይለምዳል። ስልኳ ላይ የለመደችው ሌላ አቀማመጥ ከሆነ «ኪይማን» ለሊኑክስም አለ፣ የአማርኛ ኪቦርድም ይዟል።

የቆዩት ጽሑፎች ጉዳይ ይህ ነው። ግዕዝ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደል ወደሚለዩበት የጋራ መለያ፣ ወደ ዩኒኮድ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ የላቲን ፊደላትን ቦታ ይዘው የአማርኛ መልክ ነበር የሚያለብሷቸው። ስለዚህ በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት የላቲን ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። ፋይሉ አልተበላሸም። ቀድመው የቀዱትን የፎንት ፋይል በልጅዎ ሆም ፎልደር ውስጥ በነጥብ የሚጀምር «ፎንትስ» የሚል ፎልደር ፈጥረው በላቲን ፊደል ይሰይሙትና ውስጡ ይክተቱት፤ ሊብረኦፊስን (ሚንት ላይ ያለውን የወርድ ምትክ) ዘግተው ሲከፍቱ ይነበባል። በነጥብ የሚጀምር ፎልደር ስለሚሰወር ኮንትሮልና ኤችን ሲጫኑ ይገለጣል። ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው የአማርኛ ፎንት፣ በኒያላ፣ የተጻፈ ዩኒኮድ ጽሑፍ ግን ያለ ፎንቱም ይነበባል፤ በሌላ ፎንት ስለሚተካ የገጽ አቆራረጡ ብቻ ይዛነፋል፣ በ12 ገጽ ያስረከበችው አሳይመንት 13 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለመምህር የሚላክ ሥራ በፒዲኤፍ ይሂድ። በወርድ ካልሆነ አልቀበልም የሚል መምህር ካለ ሊብረኦፊስ ኦፕሽንስ ውስጥ፣ ሎድ/ሴቭ ስር፣ መደበኛው ማስቀመጫ የወርድ ፎርማት እንዲሆን አንድ ጊዜ ያስተካክሉት።

ኤን4020 ያላቸው ብዙዎቹ ትንንሽ ላፕቶፖች ማራገቢያ የላቸውም፤ ሙቀቱን የሚያወጡት በታችኛው ክዳን ነው። ደሴ ላይ ደህና የነበረ ማሽን ኮምቦልቻ ሲወርድ ቀን ላይ ከዘገየ፣ በተለይ አልጋና ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጦ ከሆነ፣ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን እየቀነሰ ነው። ጠረጴዛ ላይ ትጠቀምበት።

ያንን የመጫኛ ፍላሽ ፎርማት አያድርጉት። ከላፕቶፑ ጋር አብሮ ኮምቦልቻ ይውረድ፤ አንድ ቀን አልነሳም ቢል ከፍላሹ አስነስታ ፋይሏን ታወጣለች፣ ሚንት ሜኑ ውስጥ ያለው «ቡት ሪፔር» ደግሞ ማስነሻውን ይጠግንላታል።